የጎብኚዎች የጦር መሣሪያ አያያዝ በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች

በዩናይትድ ስቴትስ ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ጎብኚ ሽጉጥም ሆነ ጠመንጃ ይዞ መገኘቱ በራሱ ወንጀል አይደለም። ከፌብሩዋሪ 22 ቀን 2010 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) መሣሪያ እንዳይዝ ሕግ ያልከለከለው ሰው፣ አያያዙ ፓርኩ የሚገኝበትን ስቴት ሕግ የተከተለ እስከሆነ ድረስ፣ የፓርኮቹ አስተዳደር ሊያግደው አይችልም። ይሁን እንጂ ይህ መብት መያዝን እንጂ መተኮስን አይመለከትም፤ ጎብኚው ከሜዳው ወደ ፓርኩ ሕንፃ ሲገባ ይቋረጣል፤ የስቴት ድንበር ሲሻገርም መልኩ ይለወጣል። የሰሜን ተራሮችን የጎበኘ አንባቢ ጠመንጃን የሚያስታውሰው ከጎብኚዎች ጋር በሚጓዘው ስካውት ትከሻ ላይ ነው፤ በአሜሪካ ግን ሕጉ የሚነጋገረው ከጎብኚው ከራሱ ጋር ነው።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። የሎውስቶን በ1872 የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ሲከለል፣ የዱር እንስሳቱን ከአዳኝ የሚጠብቅ በቂ ሕግም ሆነ በቂ ጠባቂ አልነበረውም። ከ1886 እስከ 1918 ፓርኩን ይጠብቅ የነበረው የአገሪቱ ጦር ሠራዊት ሲሆን፣ ወታደሮቹ በመግቢያው ላይ የጎብኚዎችን ጠመንጃ እያሸጉ ያሳልፉ ነበር። በማርች 1894 ኤድጋር ሃውል የተባለ አዳኝ ጎሾችን ገድሎ ቆዳቸውን ሲገፍ እጅ ከፍንጅ ተያዘ፤ ነገር ግን ከፓርኩ ከማባረር ያለፈ የሚቀጣበት ሕግ አልተገኘም። የቁጣው ድምፅ ዋሽንግተን ደረሰና፣ ኮንግረስ በየሎውስቶን ማደንን በእስራትና በገንዘብ የሚያስቀጣ ሕግ አወጣ፤ ፕሬዚዳንት ክሊቭላንድም በሜይ 7 ቀን 1894 ፈረሙበት። በፓርኮች መሣሪያን የመከልከል ልማድ ሥሩ እዚህ ነው፤ የመጀመሪያው ስጋት ሰው ሰውን ይገድላል የሚል ሳይሆን ጎሽና ኤልክ የተባለው ትልቅ አጋዘን ተጨርሰው ያልቃሉ የሚል ነበር።

የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት በ1916 ከተቋቋመ በኋላ ክልከላው ከአንድ ፓርክ ደንብነት አልፎ የሁሉም ፓርኮች ደንብ ሆነ። በ1930ዎቹ የጦር መሣሪያ ወደ ፓርክ ለማስገባት ከፓርኩ ኃላፊ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። በ1983 ደንቡ ትንሽ ላላ ተደረገና፣ ጥይት ያልጎረሰ መሣሪያ በቶሎ አውጥቶ መጠቀም እንዳይቻል ተጠቅልሎ ወይም በሣጥን ተዘግቶ በመኪና እንዲያልፍ ተፈቀደ። ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል የሠራው ይህ አካሄድ ነው።

ሙግቱ የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው። የመሣሪያ ባለቤቶች መብት ተሟጋቾች፣ በስቴቱ ሕግ ሽጉጥ ለመያዝ ፈቃድ ያለው ሰው ከፓርኩ ጋር በሚዋሰነው ብሔራዊ ደን ውስጥ በሕጋዊነት ሲንቀሳቀስ ቆይቶ የፓርኩን ወሰን በረገጠ ቅጽበት ወንጀለኛ መሆኑ ትርጉም የለውም ይሉ ነበር። የፓርክ ጠባቂዎች ማኅበር፣ ጡረተኛ ጠባቂዎችና የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅቶች በበኩላቸው ሕገ ወጥ አደን እንደሚበረታታና በካምፕ ሰፈር የሚነሳ ተራ ጭቅጭቅ ወደ ተኩስ ሊያመራ እንደሚችል አስጠነቀቁ። የፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ አስተዳደር ሥልጣን ሊለቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በዲሴምበር 2008 የስቴት ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ሸሽገው እንዲይዙ የሚፈቅድ ደንብ አወጣ። ደንቡ በጃንዋሪ 2009 ሥራ ላይ ቢውልም፣ በማርች ወር ዳኛ ኮሊን ኮላር-ኮቴሊ በአካባቢ ላይ የሚያስከትለው ተጽዕኖ በአግባቡ አልተጠናም በማለት ለጊዜው አገዱት።

ጉዳዩን የቋጨው ማንም ባልጠበቀው ሕግ ውስጥ የገባ አንቀጽ ነው። የኦክላሆማው ሴናተር ቶም ኮበርን፣ ባንኮች በክሬዲት ካርድ ደንበኞች ላይ የሚጭኑትን ወለድና ቅጣት ለመገደብ በተዘጋጀው ረቂቅ ላይ የፓርኮችን ጉዳይ ማሻሻያ አድርገው አቀረቡ። ሴኔቱ በ67 ለ29፣ የተወካዮች ምክር ቤት ደግሞ ተነጥሎ በተሰጠ ድምፅ በ279 ለ147 ደገፉት። የክሬዲት ካርዱ ሕግ እንዲያልፍ የፈለጉት ፕሬዚዳንት ኦባማ ሁለቱንም አንድ ላይ ተቀብለው በሜይ 22 ቀን 2009 ፈረሙ። ስለ ባንክ ወለድ የሚናገር ሕግ ስለ ድብና ሽጉጥ መናገሩ ለውጭ ታዛቢ ግራ ቢያጋባም፣ በኮንግረስ አሠራር እንግዳ ነገር አይደለም። ሕጉ የዱር እንስሳት መጠለያ የሆኑትን የፌደራል ይዞታዎችም ይጨምራል።

አሁን በሥራ ላይ ያለውን ሕግ ለመረዳት በመያዝና በመጠቀም መካከል ያለውን ልዩነት መያዝ ያስፈልጋል። ኮንግረስ የነካው መያዝን ብቻ ነው፤ በፓርክ ውስጥ መተኮስ፣ ዒላማ መለማመድና ማደን እንደ ቀድሞው የተከለከሉ ናቸው። አደን የሚቻለው ኮንግረስ ለይቶ በፈቀደባቸው ቦታዎች ነው፤ በአላስካ «ፕሪዘርቭ» በሚባሉት ይዞታዎችና በ1950 የወጣ ሕግ ኤልክ እንዲቀነስ በሚፈቅድበት በዋዮሚንጉ ግራንድ ቲተን ፓርክ እንደሚደረገው ማለት ነው። ልዩነቱ ምን ያህል የተሳለ እንደሆነ የታየው ሕጉ ሥራ ላይ በዋለ በጥቂት ወራት ውስጥ ነበር። በሜይ 2010 መጨረሻ በአላስካው ደናሊ ፓርክ በእግር ይጓዙ ከነበሩ ሁለት ሰዎች አንዱ፣ ከቁጥቋጦ ውስጥ ወጥቶ ወደ ጓደኛው ያመራ ግሪዝሊ ድብ ላይ ተኩሶ ገደለው። ሽጉጡን መያዙ በአዲሱ ሕግ የተፈቀደ፣ መተኮሱ ግን የተከለከለ ስለነበር፣ ፓርኩ ተኩሱ ተገቢ መሆን አለመሆኑን ለመመርመር ተገደደ።

ሁለተኛው ወሰን የሕንፃ በር ነው። የፌደራል ሠራተኞች ዘወትር በሚሠሩበት ሕንፃ ውስጥ መሣሪያ መያዝ በሌላ የፌደራል ሕግ የተከለከለ በመሆኑ፣ የጎብኚዎች ማዕከል፣ የጠባቂዎች ጣቢያና የአስተዳደር ቢሮ ለታጠቀ ጎብኚ ዝግ ናቸው። ጥፋቱ እስከ አንድ ዓመት እስራት ያስቀጣል። ሕጉ ክልከላው በሕዝብ መግቢያ በሮች ላይ በግልጽ እንዲለጠፍ ያዛል፤ ተከሳሹ ክልከላውን በሌላ መንገድ ማወቁ ካልታወቀ በቀር፣ ማስታወቂያ በሌለበት በር በገባ ሰው ላይ ጥፋተኝነት አይወሰንም። ስለዚህ ካርታ ለመጠየቅ ወደ ማዕከሉ የሚገባ ሰው መጀመሪያ በሩ ላይ የተለጠፈውን ያነባል፤ ሽጉጥ ከታጠቀም ከመግባቱ በፊት የስቴቱ ሕግ በሚፈቅደው መንገድ መኪናው ውስጥ ይቆልፍበታል።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ወሰን የስቴት ድንበር ነው። የሎውስቶን በአብዛኛው በዋዮሚንግ ቢገኝም ጠርዙ በሞንታናና በአይዳሆ ላይ ያርፋል፤ ግሬት ስሞኪ ማውንቴንስ በቴነሲና በሰሜን ካሮላይና፣ ዴዝ ቫሊ ደግሞ በካሊፎርኒያና በኔቫዳ የተከፈሉ ናቸው። በመኪና ሲያልፉ ድንበሩ አይታይም፤ ሕጉ ግን ይቀየራል። በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ ወገኖቻችን የቅርቡ ምሳሌ ግሬት ፎልስ ነው። የፖቶማክን ፏፏቴ ከቨርጂኒያ ዳር የሚያይ ሰው በቨርጂኒያ ሕግ፣ ከማዶ ካለው ሲ ኤንድ ኦ ካናል ከተባለው የቦይ ፓርክ የሚያይ ደግሞ በሜሪላንድ ሕግ ይዳኛል፤ ሁለቱም ዳርቻዎች በአንድ የፓርኮች አገልግሎት ሥር ናቸው። ሜሪላንድ የሌላ ስቴት ፈቃድ ስለማትቀበል፣ ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ሽጉጡን በወገቡ ታጥቆ የተነሣ ሰው ከወንዙ ማዶ ሕግ ተላላፊ ይሆናል። ዋሽንግተን ከተማ ደግሞ ከዚህም ትጠብቃለች፤ የራሷን ፈቃድ ትጠይቃለች፣ በግላጭ መታጠቅን ትከለክላለች፣ በመሃል ከተማው ናሽናል ሞል የተባለ ሰፊ መስክ ላይ ባሉት መታሰቢያዎች ደግሞ ባለ ፈቃዱም ቢሆን መያዝ አይችልም።

በመንገድ ላይ ላለ ሰው በ1986 የወጣ የፌደራል ሕግ መጠነኛ ከለላ ይሰጣል። መነሻውም መድረሻውም መሣሪያውን በሕጋዊነት ሊይዝ የሚችልባቸው ቦታዎች ከሆኑ፣ መሣሪያው ጥይት ያልጎረሰ ሆኖ ከተሳፋሪው እጅ በራቀ የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ እስካለ ድረስ፣ በመካከል ያለውን ጥብቅ ስቴት ማለፍ ይችላል። የተለየ የዕቃ ማስቀመጫ የሌለው መኪና ከሆነ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ መሆን አለበት፤ ከሹፌሩ አጠገብ ያለው መሳቢያ ግን ቢቆለፍም አይቆጠርም። ይህ ከለላ ለማለፍ እንጂ ድንኳን ተክሎ ለማደር የታሰበ አይደለም።

ሕጉ የተሰፋው ለጦር መሣሪያ ብቻ በመሆኑ አንዳንድ አስገራሚ ውጤቶች አሉት። በአየር ግፊት የሚተኩስ ጠመንጃና ወንጭፍ አሁንም በቀድሞው ክልከላ ሥር ናቸው። በየሎውስቶን የድብ መከላከያ የበርበሬ ርጭት መያዝ አጥብቆ የሚመከር ሲሆን፣ ግሪዝሊ በሌለበት በካሊፎርኒያው ዮሰሚቲ ግን ይኸው ርጭት ራሱ የተከለከለ ነው። የየሎውስቶን አስተዳደር ጎብኚዎች ከድብና ከተኩላ ቢያንስ 91 ሜትር እንዲርቁ ያዛል፤ በሽጉጥ የቆሰለ ድብ ይበልጥ አደገኛ ሊሆን ስለሚችልም፣ ለድብ መከላከያነት የሚያስቀድመው ርጭቱን ነው።

ከኢትዮጵያ ለጉብኝት ወይም ለትምህርት የሚመጣ ሰው ከዚህ ሁሉ በፊት ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በቱሪስት፣ በተማሪ ወይም በሌላ ጊዜያዊ ቪዛ የገባ የውጭ ዜጋ፣ የአደን ፈቃድን በመሳሰሉ ጥቂት ምክንያቶች ካልሆነ በቀር፣ በፌደራል ሕግ የጦር መሣሪያም ሆነ ጥይት መያዝ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ዘመድ «እስቲ ያዝልኝ» ብሎ የሚያቀብለው ሽጉጥ ለባለ ቪዛው ከባድ የፌደራል ወንጀል ሊሆን ይችላል፤ ውጤቱም ከእስር አልፎ ከአገር መባረርን ሊያስከትል ይችላል። የመኖሪያ ፈቃድ፣ ማለትም ግሪን ካርድ ያለው ሰው በዚህ ክልከላ ውስጥ አይገባም፤ ሆኖም በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት ወይም የፍርድ ቤት የመከላከያ ትእዛዝ የወጣበት ከሆነ፣ ዜጋም ቢሆን መሣሪያ የመያዝ መብቱን ሊያጣ ይችላል። የስቴት ፓርኮችና በጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች ሥር ያሉት የግድብ ሐይቆች በ2009ኙ ሕግ ስለማይሸፈኑ፣ የየራሳቸው ደንብ ተለይቶ መጠየቅ አለበት።