«ራቁቱን ለተወለደ ጥብቆ መች አነሰው»

ይህን ተረት ስንሰማ ብዙዎቻችን «ባለህ ተብቃቃ» ማለት ነው ብለን እናልፈዋለን። እሱን ለማለት ግን «እግርህን በፍራሽህ ልክ ዘርጋ» ይበቃ ነበር። ይሄኛው ውስጡ ተንኮል አለበት።

ተንኮሉ ያለው ጥብቆው ላይ ነው። የዛሬ የከተማ ልጅ ላያውቀው ይችላል። ጥብቆ ከጥጥ የሚሠራ አጭር የልጅ ልብስ ነው። የገጠር ልጅ ሱሪም ጫማም ከማወቁ በፊት የሚያውቀው እሱን ነበር፤ ብዙ ጊዜም ሌላ ልብስ የለውም። እናት ጥጡን ትዳምጣለች፣ በደጋን ትነድፋለች፣ በእንዝርት ትፈትላለች። ድሩና ማጉ ሲሞላ ሸማኔ ዘንድ ይሄዳል። ይሄ ሁሉ ድካም ያለበት ነገር በየጊዜው አይሠራም። የልጁ ድርሻ የሚደርሰውም ከትልልቆቹ ተርፎ ነው፤ አንዳንዴም ካረጀ ጋቢ ተቆርጦ ይሰፋለታል። ልጁ ደግሞ በላይ በላዩ ያድጋል። ዓምና ጉልበቱ ላይ የደረሰው ጥብቆ ዘንድሮ ጭኑ ላይ ይቀራል።

እንግዲህ ተረቱ ማነሱ የማይቀረውን ልብስ መርጦ ነው «መች አነሰው?» የሚለው። ማነሱንማ ተናጋሪውም ሰሚውም ያውቃሉ። ጋቢ ቢባል ኖሮ ጨዋታው ባልኖረ ነበር። ልብሱን በልጁ ቁመት ከለካኸው ያጥራል፤ ሲወለድ ከለበሰው ጋር ካስተያየኸው ግን ትርፍ ነው። ለዚህ ነው «ይበቃዋል» ከማለት ይልቅ በጥያቄ የሚጨርሰው። መልሱን ለሰሚው ይተውለታል።

ሐሳቡ ከቤተ ክርስቲያንም የራቀ አይደለም። ጻድቁ ኢዮብ ሀብቱም ልጆቹም ባለቁ ጊዜ «ራቁቴን ከእናቴ ማኅፀን ወጥቻለሁ» ማለቱን (ኢዮብ 1፥21) ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ያልሰማ ጥቂት ነው። ኢዮብ ግን እያዘነ ነው የተናገረው። ተረቱ ፈገግ ይላል።

ይህን ነገር በኑሮ ያየው ሰው ይጠራ ከተባለ እኔ የቆሎ ተማሪውን አስቀድማለሁ። ቅኔ ለመቁጠር ዋሸራ ይወርዳል፣ ድጓ ለማስመስከር ቤተልሔም ይሄዳል፣ ለዝማሬ መዋስዕት ዙር አባ፣ ለአቋቋም ጎንደር። ድሮ ይሄ ሁሉ በእግር ነው። ዕቃው ደበሎ፣ አኮፋዳና በትር ናቸው። ደበሎው ቀን ልብስ ነው፤ ማታ ምንጣፍም ብርድ ልብስም ይሆናል። አኮፋዳው «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የለመነውን ቁራሽ ይይዛል። በትሩ ለውሻ ነው፤ የመንደር ውሻና የቆሎ ተማሪ መቼም አይዋደዱም። ከአንዱ መምህር ተነሥቶ ወደ ሌላው ሲሄድ ዕቃ ለመሸከፍ የሚፈጅበት ጊዜ የለም። ዋናው ጭነቱ በቃሉ የያዘው ትምህርት ነዋ! ደግሞ ሁሉም የድሃ ልጅ እንዳይመስላችሁ። አባቱ በሬም ማሳም እያለው፣ ቤቱ ሞልቶ እያለ፣ ሌሊት ጠፍቶ የወጣ ብዙ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ቦሌ እንሂድ። ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ የሚበር መንገደኛ ብዙውን ጊዜ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቀዱለታል። ሚዛኑ ጋ ስትደርሱ የምታዩት ግን ሌላ ነው። ሻንጣው 26 ይላል። ይከፈታል። በርበሬው ከሽሮው ተለይቶ ይወጣል፣ ዳቦ ቆሎው ወደ እጅ ሻንጣ ይዛወራል፣ ወፍራሙ ጃኬት በሌላ ጃኬት ላይ ተደርቦ ይለበሳል። ሸኚ ዘመድ ደግሞ ከኋላ ሆኖ «እቺን ብቻ፣ ምንም አትከብድም» ይላል። እዚህ ላይ አንድ ሽማግሌ ተረቱን ጣል ቢያደርጉ ያምርባቸዋል። እኔ ግን ለመንገደኛው አዝናለሁ። የሻንጣው ግማሽ የሰው አደራ ነው። ለራሱማ ጥብቆ ይበቃው ነበር።

ተረቱን ስንጠቀም ትልቁ ነገር ማን ስለ ማን እንደሚለው ነው። ሰው ስለ ራሱ ሲለው ያምራል። ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም የገባ ጓደኛችሁን «አልጠበበህም?» ብትሉት «ራቁቱን ለተወለደ…» ብሎ ይስቃል። መጨረስም አያስፈልገው፤ ቀሪውን እናንተ ታውቁታላችሁ። ዕቃው የተሰረቀበት፣ ከስደት በአንድ ፌስታል የተመለሰ፣ ከፍቺ በኋላ ፍራሽ ብቻ ይዞ የወጣ ሰው እንዲህ ሲል ትከሻው ቀለል ይላል።

ስለ ሌላ ሰው ሲባል ግን ስድብ ነው። ጭማሪ የጠየቀ ሠራተኛን አለቃው እንዲህ ካለው «ምን ይዘህ መጣህና ነው» እያለው ነው። ዘመድ ስለ ድሃ ምራት ካለውም ያው ነው፤ የተሰጣት ይብቃት፣ ታመስግን እንጂ ምን ትጠይቃለች ማለት ነው። ለጉራ የሚመች ተረት ነው፤ እንዲህ ሲነገር ደጋግሜ ሰምቻለሁ። የሚያስገርመው ደግሞ እንዲህ የሚሉት ሰዎች ተረቱ እነሱን የማይነካ ይመስላቸዋል። መልሱ ቀላል ነው፤ በአክብሮትም ሊባል ይችላል፦ «እርስዎስ ጋሼ፣ ካባ ለብሰው ነው የተወለዱት?»