«ሴ አብላ እስፓኞል» ምንድን ነው?

ጎረቤቴ የኤል ሳልቫዶር ሰው ነው። መኪናው አላስቆም ብላው አንድ ቀን ጋራዥ አብረን ሄድን። ጋራዡን የመረጠው እሱ ነው። መስታወቱ ላይ በቀይ ቀለም፣ በትልልቁ «ሴ አብላ እስፓኞል» ተለጥፏል። ገባን። ጎረቤቴ ደስ ብሎት ስፓኒሹን ለቀቀው። ባንኮኒው ላይ የቆመው ልጅ እጁን አነሣና በእንግሊዝኛ «ይቅርታ፣ ስፓኒሽ የምትናገረዋ የምትገባው ማክሰኞና ሐሙስ ነው» አለ። ዕለቱ ሰኞ ነበር። በእሱ ሰባራ እንግሊዝኛና በእኔ የባሰ ሰባራ ስፓኒሽ ስለ ፍሬን ሸራ ስንነጋገር አንድ ሰዓት ሄደ።

አሜሪካ የኖረ ሰው ይህን ጽሑፍ ሳያየው የዋለበት ቀን የለም ማለት ይቻላል። የጥርስ ሐኪም ቤት በር ላይ አለ። ታክስ የሚሠሩ ሰዎች መስኮት ላይ አለ። ያገለገለ መኪና መሸጫ አጥር ላይ፣ የጠበቃ ቢልቦርድ ላይ አለ። ትርጉሙ ቀላል ነው፤ «ስፓኒሽ ይነገራል» ማለት ነው። ልብ በሉ፣ «እንናገራለን» አይደለም። «ይነገራል» ነው። ማን እንደሚናገር አልተጻፈም። መቼ እንደሚናገርም አልተጻፈም። እኛም አማርኛ ላይ «ይባላል»፣ «ይነገራል» ስንል ባለቤቱን እንደምንደብቀው ማለት ነው። ያ ጋራዥ በሰዋስው ከሄድን አልዋሸም።

እንግዲህ ጽሑፉ የአንድ ትልቅ ነገር ጫፍ ነው። እንግሊዝኛ በሚነገርበት አገር ነጋዴው ስደተኛውን ደንበኛ በራሱ ቋንቋ ይጠራዋል። በአሜሪካ ይህ ራሱን የቻለ ኢንዱስትሪ ነው። የራሱ ቴሌቪዥን፣ የራሱ ሬዲዮ፣ የራሱ የማስታወቂያ ድርጅቶች አሉት። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው ሰዎች 62 ሚሊዮን ደርሰዋል። ቤታቸው ውስጥ ስፓኒሽ የሚናገሩት ከ40 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ይህን ሁሉ ገዢ በማይገባው ቋንቋ አልፎ መሄድ ለነጋዴ ኪሳራ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ጎህ ሳይቀድ ነው፤ እውነቴን ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፔድሮ ጎንዛሌዝ የሚባል የሜክሲኮ ሰው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ በእንግሊዝኛ ሬዲዮ ጣቢያ የስፓኒሽ ፕሮግራም ያቀርብ ነበር። የባንዱ ስም «ሎስ ማድሩጋዶሬስ»፣ ማለትም «ማልደው ተነሺዎቹ» ነው። ጣቢያዎቹ ያን ሰዓት ማንም አይሰማውም ብለው በርካሽ ይሸጡታል። ግን የሚሰማው ሰው ነበረ። ብርቱካን ለቀማ፣ ፋብሪካ፣ ግንባታ የሚወጣው የሜክሲኮ ሠራተኛ በዚያ ሰዓት ቡና እያፈላ ነው። ለማንም የማይጠቅም የተባለው ሰዓት ለዚያ ሰው ከቀኑ ሁሉ ምርጡ ሆነ። በ1946 ራውል ኮርቴዝ ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ ውስጥ ሙሉ ቀን በስፓኒሽ የሚያስተላልፍ ጣቢያ ከፈተ። በ1955 ቴሌቪዥን ጨመረበት። ከዚያ ጣቢያ የተነሣው መረብ በኋላ ዩኒቪዥን የሚባለው ሆነ።

ዩኒቪዥንን እኛም እናውቀዋለን። አንቴና ብቻ ሰቅለን የዓለም ዋንጫን በነፃ ያየነው በእሱ፣ በኋላም በሌላው የስፓኒሽ ጣቢያ፣ በቴሌሙንዶ ነው። የጨዋታ አስተላላፊው የአንድሬስ ካንቶር «ጎኦኦኦኦል» የማይረሳው ሀበሻ ብዙ ነው። በእረፍት ሰዓት ደግሞ ጠበቃው ብቅ ይላል። ሱፍ ለብሶ፣ ጣቱን እየቀሰረ፣ የመኪና አደጋ ደርሶብህ እንደሆነ ይጠይቅሃል። ስፓኒሽ የማያውቅ ሰው እንኳ «አቦጋዶ» ጠበቃ፣ «አክሲደንቴ» አደጋ መሆኑን የተማረው ከዚህ ነው።

በ1980 ሌላ ነገር መጣ። የሕዝብ ቆጠራው ለመጀመሪያ ጊዜ እያንዳንዱን ቤት «ሂስፓኒክ ነህ ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ በፊት የማያሚው ኩባዊ፣ የኒውዮርኩ ፖርቶሪኳዊና የሎስ አንጀለሱ ሜክሲኳዊ እየቅል ነበሩ። አሁን በአንድ ስም ተደመሩ። ለማስታወቂያ ድርጅቶች ይህ ሠርግና ምላሽ ነበር። ትልልቅ ኩባንያዎች ዘንድ ገብተው «ይኸው ቁጥሩ» ማለት ቻሉ። ችግሩ፣ ስሙ አንድ ሆነ እንጂ ሰዎቹ አንድ አልሆኑም።

ባቄላ መሳይዋን እህል እንውሰድ፣ እኛ ቦሎቄ የምንላትን። ሜክሲኳዊው «ፍሪሖሌስ» ይላታል። ፖርቶሪኳዊው «አቢቹዌላስ»፣ አርጀንቲናዊው «ፖሮቶስ» ይላታል። ስም ብቻም አይደለም። ኩባዊው ጥቁሯን ይወዳል፤ ሜክሲኳዊው ዥጉርጉሯን፣ ፖርቶሪኳዊው ሮዝ መልክ ያላትን። በ1936 ኒውዮርክ ውስጥ ከስፔን በመጡ ባልና ሚስት የተመሠረተው ጎያ የተባለው የምግብ ኩባንያ ይህን ቀድሞ ገባው። ለእያንዳንዱ ሰፈር የየራሱን ቦሎቄ በየራሱ ስም መደርደሪያ ላይ ደረደረ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከብዙ ፊልም ማስታወቂያ ይልቅ ያ መደርደሪያ ይበልጣል። ደንበኛው የእናቱን ወጥ ቤት አገኘበት። ሌላም ጣጣ አለ። «ቢቾ» ለሜክሲኳዊ ተባይ ማለት ነው። ለፖርቶሪኳዊ ግን እዚህ የማልጽፈው ነውር ነው። የተባይ መድኃኒት የምትሸጥ ከሆነ ከመለጠፍህ በፊት ጠይቅ።

የቋንቋ ስሕተት ሲነሣ ሁሉም ሰው የሚያወራት ታሪክ አለች። ሼቭሮሌ «ኖቫ» የምትባል መኪና አወጣ፤ «ኖ ቫ» በስፓኒሽ «አትሄድም» ማለት ስለሆነ ማንም አልገዛትም ይባላል። ቆንጆ ወሬ ነው፤ ግን እውነት አይደለም። መኪናዋ ሜክሲኮና ቬኔዝዌላ ውስጥ ደህና ተሸጣለች። እንዲያውም የሜክሲኮ መንግሥት የነዳጅ ድርጅት «ኖቫ» የሚባል ቤንዚን ይሸጥ ነበር። ማንም «የማይሄድ ቤንዚን» ብሎ አልሳቀም።

እውነተኛው ትምህርት የወተቱ ነው። በ1993 የካሊፎርኒያ ወተት አቀናባሪዎች ቦርድ አገር ያወቀውን ማስታወቂያ አወጣ፤ «ጋት ሚልክ?»፣ «ወተት አለህ?» ማለት ነው። ሰውየው አፉን በለውዝ ቅቤ ሞልቶ ወተት ሊቀዳ ይላል፤ ካርቶኑ ባዶ ነው። ሰው ሁሉ ይስቃል። ስፓኒሽ ተናጋሪውን ለመድረስ ሲታሰብ ቃል በቃል መተርጎም እንደማያዋጣ ታየ። «ቲዬኔ ሌቼ?» ይሆናል። እሱን ለአንዲት ሴት በላት፤ «ጡትሽ ወተት አለው ወይ?» ብለህ ያፈጠጥክባት ያህል ነው። በአማርኛም «ወተት አለሽ?» ብትል ያው ነው፤ ሴትየዋ ቀና ብላ ታይሃለች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ቃሉ ብቻ ቢሆን በሌላ ቃል ይተካ ነበር። ግን ቀልዱ ራሱ አልሠራም። ከድህነት ሸሽታ የመጣች እናት ቤት ወተት ማለቁ አያስቅም፤ ለልጆቿ ወተት ማጣት ለእሷ ውርደት ነው። ስለዚህ አኒታ ሳንቲያጎ የምትባል ሎስ አንጀለስ የምትሠራ የማስታወቂያ ባለሙያ ነገሩን ከሥሩ ገለበጠችው። ሰውዬውን፣ ለውዝ ቅቤውን፣ ባዶ ካርቶኑን ተወች። በምትኩ ወጥ ቤት፣ አያትና ከወተት የሚሠራ የቤተሰብ ጣፋጭ አመጣች። መፈክሩም «እርስዎስ፣ ዛሬ በቂ ወተት ሰጥተዋቸዋል?» ሆነ። ያቺን «እርስዎ» ልብ በሏት። ስፓኒሽ እንደ አማርኛ አንተና እርስዎ አለው፤ «ቱ» እና «ኡስቴድ»። እንግሊዝኛ ሁሉንም «ዩ» ብሎ ይገላገላል። ከእንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው መጀመሪያ የሚወድቀው እዚህ ነው። እናትን አንቺ ልበል ወይስ እርስዎ? ለወጣት የስልክ ካርድ ስሸጥስ? የኮምፒውተር ትርጉም አንዱን መስመር እርስዎ፣ ሌላውን አንተ እያለ ያደባልቀዋል። በአማርኛ የተላከላችሁን የሆስፒታል ወይም የትምህርት ቤት ወረቀት አስታውሱ፤ የማወራው ይገባችኋል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ በሩ ነው። ጣጣው ያለው ከበሩ ወዲያ ነው። ማስታወቂያው በስፓኒሽ፣ ሻጩ በስፓኒሽ፣ ሳቁና ቡናው በስፓኒሽ። የሚፈረመው 12 ገጽ ወረቀት ግን በእንግሊዝኛ! ወለዱ እዚያ ውስጥ ነው። ቅጣቱ እዚያ ውስጥ ነው።

ሕግ አውጪዎች ይህን ያዩት ቀደም ብለው ነው። ካሊፎርኒያ በ1974 ሕግ አወጣች። በስፓኒሽ ተደራድረህ ብድር ከሰጠህ፣ መኪና ከሸጥክ ወይም ቤት ካከራየህ፣ ከመፈረሙ በፊት ውሉን በስፓኒሽ ተርጉመህ ስጥ የሚል ነው። በኋላ ቻይንኛ፣ ታጋሎግ፣ ቬትናምኛና ኮሪያኛ ተጨመሩበት። ደንበኛው የራሱን አስተርጓሚ ይዞ ከመጣ ግዴታው ይቀራል። ግን አስተርጓሚው ሁለቱንም ቋንቋ አጥርቶ የሚናገርና የሚያነብ፣ ዕድሜውም ለአቅመ አዋቂ የደረሰ መሆን አለበት። የ10 ዓመት ልጅህን አስቀምጠህ የባንክ ውል ማስተርጎም አይቆጠርም። (የእኔ የጋራዥ ስፓኒሽም አይቆጠርም።) በፌዴራል ደረጃ ደግሞ የንግድ ኮሚሽኑ ደንቦች አሉ። ቤትህ ድረስ መጥቶ በስፓኒሽ የሸጠልህ ሰው ውሉንና በ3 የሥራ ቀን ውስጥ መሰረዝ እንደምትችል የሚገልጸውን ወረቀት በስፓኒሽ መስጠት አለበት። ያገለገለ መኪና በስፓኒሽ የሚሸጥ ነጋዴም መስታወቱ ላይ የሚለጠፈውን የገዢ መረጃ በስፓኒሽ ማቅረብ አለበት።

ከሁሉ የከፋው ግን የአንድ ቃል ነገር ነው፤ «ኖታሪዮ»። በአሜሪካ «ኖተሪ ፐብሊክ» ማለት ፊርማህን አይቶ ማኅተም የሚመታ ሰው ነው። ጠበቃ አይደለም። በሜክሲኮና በሌሎች የላቲን አገሮች ግን «ኖታሪዮ ፑብሊኮ» ከተራ ጠበቃ በላይ የሚከበር የሕግ ሰው ነው። አንዳንዱ ይህን ያውቃል። ባለ ማኅተሙ መስኮቱ ላይ «ኖታሪዮ» ብሎ ይለጥፋል። ስደተኛው የሕግ አዋቂ ያገኘ መስሎት የመኖሪያ ፈቃዱን ጉዳይ ያስረክበዋል። ሰውየው ፎርሙን አበላሽቶ ይሞላል ወይም ጭራሽ አያስገባውም። ገንዘቡ ይጠፋል፤ ከገንዘቡ በላይ ቀነ ገደቡ ያልፋል። ቴክሳስንና ካሊፎርኒያን ጨምሮ ብዙ ስቴቶች አንድ ባለ ማኅተም ራሱን «ኖታሪዮ ፑብሊኮ» ብሎ እንዳያስተዋውቅ ከልክለዋል። በትርጉም ደረጃ ቃሉ ትክክል ነው። የተከለከለውም ለዚያ ነው።

ማርች 2025 ላይ ፕሬዚዳንት ትራምፕ እንግሊዝኛን የአሜሪካ ይፋዊ ቋንቋ የሚያደርግ ትእዛዝ ፈርመዋል። «ታዲያ ማስታወቂያው ሊቀር ነው?» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። አይቀርም። ትእዛዙ የሚመለከተው መንግሥትን ነው፤ ነጋዴ መስታወቱ ላይ በፈለገው ቋንቋ መጻፍ ይችላል። ማስታወቂያውን ይልቅ የሚፈትነው የስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ የራሳቸው ልጆች ናቸው። አሜሪካ የተወለደው ትውልድ ስፓኒሽ ይሰማል፤ በእንግሊዝኛ ይመልሳል። የልጅ ልጁ ጋ ሲደርስ መናገሩም ይቀጥናል። የማስታወቂያ ሰዎች አሁን ለልጁ በእንግሊዝኛ፣ ለእናቱ በስፓኒሽ ይሠራሉ። የእኛም ልጆች «እማዬ ምን አለች?» የሚሉበት ቤት ስላለ ይህን ላብራራ አልደክምም።

ዋሽንግተንና አካባቢዋ ላይ ሁለቱ ሕዝቦች ጎን ለጎን ነው የሚኖሩት። ሳልቫዶሮች ከላቲኖቹ ሁሉ ብዙዎቹ ናቸው፤ እኛም ጥቂት አይደለንም። ከተማዋ በ2004 ያወጣችው የቋንቋ ሕግ የመንግሥት ቢሮዎች ለነዋሪው በቋንቋው አገልግሎት እንዲሰጡ ያዛል፤ አማርኛም ከስፓኒሽ ጋር ከቋንቋዎቹ አንዱ ነው። ለግል ሱቅ ግን የሚያዝዘው ሕግ የለም፤ ገበያው ነው የሚያዝዘው። እኔ በርበሬና እንጀራ የምገዛበት ሱቅ የእንጀራው ጎን ቶርቲያ የሚሉትን የበቆሎ ቂጣ ይሸጣል። ባለቤቱ ወሎዬ ነው። ስፓኒሹን የተማረው ባንኮኒ ላይ ከደንበኞቹ ነው፤ ቁጥር፣ ዋጋ፣ «ነገ ይመጣል»፣ «አልቋል»። በሩ ላይ «ሴ አብላ እስፓኞል» የሚለውን የታተመ ወረቀት ለጥፏል። ከሥሩ ደግሞ በማርከር፣ በራሱ እጅ ጽሑፍ አንድ ቃል ጨምሮበታል፤ «ፖኪቶ»። «ትንሽ ትንሽ» ማለት ነው።