ባሌስትራ «ሞተ» የሚባለው ምን ሲሆን ነው?

«ባሌስትራው ሞቷል፤ አንድ ብረት ይጨመርበት።» ይህን ፍርድ በአንድ ወር ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ሰማሁት። ሦስቱም ጊዜ የተፈረደበት አሮጌ ላንድሮቨር ነው፤ ሦስቱም ጊዜ ፈራጁ ከመኪናው ሥር አልገባም። ከኋላ ቆሞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አየና ፈረደ።

ባሌስትራ በሻንሲው (በመኪናው የብረት አጽም) እና ጎማዎቹን በሚይዘው አክስል መካከል ሆኖ ክብደት የሚሸከም፣ የሚለጠጥ ብረት ነው፤ ከዚህ በላይ በማስረዳት ጊዜ አላባክንም፣ አሮጌ መኪና የያዘ ሁሉ ያውቀዋል። ስሙን ግን ልብ ማለት ይጠቅማል። ቃሉ የጣሊያኖች ነው። በእነርሱ ቋንቋ ባሌስትራ ማለት በመጀመሪያ ቀስት መወርወሪያ መሣሪያ ነው፤ እንጨት ላይ የተጋደመ ደጋን ያለው። የመኪናውም ባሌስትራ ደጋን ነው፤ ከብረት የተሠራ፣ ተደራርቦ የታሰረ።

እናቱ ጥጥ ስትነድፍ ያየ ሰው ስለ ደጋን ሁለት ነገር ያውቃል። አንዱ፣ ደጋኑ ማንም ሳይነካው ምን ያህል ጎብጦ እንደሚቀመጥ ነው። ሌላው፣ ለመለጠጥ ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ ነው። እነዚህ ሁለቱ አንድ አይደሉም። በጣም የጎበጠ ሆኖ በሕፃን እጅ የሚለጠጥ ደጋን አለ፤ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ጎረምሳ የሚያታግልም አለ። «ሞተ» የሚለው ቃል ጥፋቱ ሁለቱን አንድ አድርጎ መጨፍለቁ ነው።

ባሌስትራ ለዓመታት ከልክ በላይ ሲጫን ጉብጠቱን ያጣል። መኪናው ዝቅ ይላል። ይህ እውነት ነው፤ «ደከመ» ቢባል አልጣላም። የብረቱ ጥንካሬ ግን አብሮ አልሄደም። ጥንካሬን የሚወስኑት የብረቱ ርዝመት፣ ስፋት፣ ውፍረትና ብዛት ናቸው፤ ከነዚህ አንዱም በእርጅና አይለወጥም። ዝቅ ያለው ባሌስትራ ላይ መቶ ኪሎ ብትጭኑበት የሚወርደው አዲስ ሳለ በመቶ ኪሎ ይወርድ የነበረውን ያህል ነው። ልዩነቱ ጉዞውን የሚጀምረው ከዝቅታ መሆኑ ነው። (ብረቱ ካልተሰነጠቀና በዝገት ካልሳሳ ነው ይህን የምለው። የተሰነጠቀ ካለ ወሬው ሌላ ነው፤ ይወጣል፣ በቃ። ምሳሌዬም እዚህ ላይ ያነክሳል፤ የእንጨት ደጋን ሲያረጅ በእርግጥ ይላላል።)

አንድ አስተያየት ሰጪ «ብረት ሲጨመር መኪናው ከፍ ይል የለም ወይ?» ብሎ ሞግቶኛል። ይላል እንጂ! የደጋኑን ጉብጠት ያጣ ሰው ሌላ ደጋን ደርቦ ሲያስርበት እንደማለት ነው። ከፍታውን የሚያገኘው ያላጣውን ጥንካሬ በላዩ ጨምሮ ነው። የሚጨመረው ብረት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከጭነት መኪና ተቆርጦ የመጣ ነው። የብረት ውፍረት እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው እጥፍ አይሆንም፤ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ወገቡን ይዞ «ላንድሮቨር ድሮም ይመታል» ይላል። ላንድሮቨሩን ምን አድርጎ ነው? በዚያ ላይ ብረቱ በብየዳ እሳት የተቆረጠ ከሆነ፣ እሳቱ በነካው ቦታ ተለጥጦ የመመለስ ባሕርዩ ተበላሽቷል።

መኪናው ጉድጓድ ካለፈ በኋላ ደጋግሞ የሚዘል ከሆነ ደግሞ አሞርዛተሩን እዩ። ባሌስትራ ይሸከማል፤ ዝላይን የማብረድ ዋና ሥራ የአሞርዛተሩ ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ብዙ ጊዜ «ሞተ» የተባለው ባሌስትራ ምንም ያልሆነ ነው። የሞተው በሌላው ጎን ያለውን የገጠመው ሰው ጥንቃቄ ነው።

የላንድሮቨር ባሌስትራ ጫፎቹ ላይ ጆሮ፣ ማለትም የተጠቀለለ ቀዳዳ፣ አለው። በጆሮው ውስጥ የሚገባው ጎሚኒ ተራ ላስቲክ አይደለም፤ በሁለት የብረት ቱቦዎች መካከል የተጣበቀ ላስቲክ ነው። የውጩ ቱቦ ጆሮውን ይነክሳል። የውስጡን ቱቦ ደግሞ ብሎኑ ሲጠብቅ ከሻንሲው ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ባሌስትራው ሲንቀሳቀስ የሚሽከረከር ነገር የለም፤ ላስቲኩ ራሱ ይጠመዘዛል፣ ይመለሳል። አሁን መኪናው በክሪክ ተነሥቶ፣ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ብሎኑን ጥርቅም አድርጋችሁ አጠበቃችሁ እንበል። ላስቲኩ «ዕረፍቴ ይህ ነው» ብሎ የሚይዘው የተንጠለጠለበትን ቦታ ነው። መኪናው መሬት ሲወርድ ቀንና ሌሊት እንደተጠመዘዘ ይኖራል፤ ወደ ላይም ይገፋል። ያ ጎን ከፍ ብሎ ይደርቃል፤ ጎሚኒውም ጊዜው ሳይደርስ ይቀደዳል። ደጋኑን ጫፍና ጫፉን አንቆ ይዞ «ለምን አይለጠጥም?» እንደማለት ነው።

ትክክለኛው አገጣጠም አዲስ ነገር አይደለም። ብሎኖቹን ታስገባላችሁ፣ ዳዶውን በእጅ ያህል ታስይዛላችሁ፣ መኪናውን በጎማው መሬት ላይ ታሳርፋላችሁ፣ ወዲያና ወዲህ ትነቀንቁታላችሁ፣ ከዚያ ተኝታችሁ ገብታችሁ ታጠብቃላችሁ። መተኛቱ ነው ሰውን የሚያሰንፈው። ይህ ሁሉ ለላስቲክ ጎሚኒ ነው፤ በጎሚኒ ፈንታ በግሪስ የሚሠራ የነሐስ ቦኮላ (ቱቦ) ያለው የጭነት መኪና ስለሚሽከረከር ይህ ችግር የለበትም። ላስቲኩንም ግሪስ አትቀቡት፤ ግሪስ ላስቲክ ይበላል።

ስለ መፍታቱ ሳልጠየቅ ጥቂት ልጨምር። ሻንሲው በጠንካራ መቆሚያ ይያዝ፤ ክሪክ ማንሻ እንጂ መቆሚያ አይደለም። አክስሉም ለብቻው ይደገፍ፤ አለበለዚያ አሞርዛተሩ በተፈታ ጊዜ ክብደቱን የሚሸከመው የፍሬኑ ጎማ ቱቦ ይሆናል። ብሎኑ ከውስጠኛው ቱቦ ጋር በዝገት ከተጋባ በመዶሻ አትድከሙ፤ በጆሮውና በማያያዣው መካከል የብረት መጋዝ አስገብታችሁ ቁረጡት። አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስሩት የዩ ቅርጽ ያላቸው ብሎኖች አንዴ ከተፈቱ ተመልሰው አይገቡ፤ ተለጥጠዋል፣ አዲስ ግዙ። ተደራራቢዎቹን ብረቶች የምታስረው የመሀለኛዋ ብሎን ራስም በአክስሉ ማረፊያ ቀዳዳ ውስጥ በትክክል መቀመጧን በጣታችሁ አረጋግጡ። እርሷ ካልገባች አክስሉ ጠምማማ ሆኖ ይታሰራል፤ መኪናውም እንደ ውሻ በጎኑ ይሮጣል። በፊያት 600 ግን ይህን አትሞክሩ። የፊት ባሌስትራው በአግድም ተኝቶ የጎማው ክንድም ሆኖ ስለሚያገለግል፣ አፈታቱ ለብቻው ጽሑፍ ይፈልጋል።

አንድ ነገር ቀረ። የእነዚህ አሮጌ ላንድሮቨሮች የግራና የቀኝ ባሌስትራ አንድ አይደለም። ፋብሪካው በሾፌሩ በኩል ያለውን ጥቂት አብልጦ ያጎብጠዋል፤ ሰው ሳይኖርበት በዚያ በኩል ከፍ ብሎ ይታያል። በተለይ ከሰኔ 1956 ዓ.ም. በፊት፣ አገራችን በግራ በኩል ትነዳ በነበረበት ዘመን የገባ ባለ ቀኝ መሪ መኪና ያላችሁ፣ ዕቃ ስትገዙ ይህን አስታውሱ።

ሦስተኛው ፍርደኛ መኪና ባለ ግራ መሪ ነበር። ባለቤቱ አዛውንት ናቸው። የቀኝ ጎሚኒ ሌላ ቦታ ካስቀየሩ በኋላ «የግራው ባሌስትራ ሞተ» ተብለው፣ ብረት ሊያስጨምሩ መጥተው ነው። ወደ ግራ ማዘንበሉ አይካድም። ምንጣፍ አነጠፍኩና ገባሁ፤ መኪናው እንደቆመ የቀኙን ሦስት ዳዶዎች አላላሁ። ሁለተኛው ላይ ብረቱ «ጓ!» አለና መኪናው ከላዬ አንድ ጣት ያህል ወረደ። አዛውንቱ ከውጭ «ምን ሰበርክ?» ብለው ጮኹ። መልሼ አጠበቅኩና ወጣሁ።

ወደ ኋላ ሄደው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ።

«አሁን ደግሞ ወደ ቀኝ አዘነበለ!»

«አባባ፣ ይግቡና መሪው ጋ ይቀመጡ» አልኳቸው።