የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት እስከ ፈረንጆቹ 2025 መጨረሻ ለቤት ባትሪ ይሰጥ የነበረው ታክስ ክሬዲት ምንድን ነው? ሁለት ሦስት ቤት ላለው ሰውስ?

ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ሰው እንበል። የራሱ መኖሪያ ቤት አለው። የሚያከራየው ታውንሃውስም አለው። ሰመር ላይ ከልጆቹ ጋር የሚከርምባት ትንሽ ቤት ደግሞ ባሕር ዳርቻ አለችው። በፈረንጆቹ 2025 ሦስቱም ቤት ላይ ባትሪ አስገጠመ። መብራት ቢጠፋ ፍሪጁ እንዳይቆም ነው። ታክስ ክሬዲቱን ለስንቱ ያገኛል?

ለሁለቱ። ለምን እንደሆነ እንየው።

ክሬዲቱ ባትሪውን ለመግዛትና ለማስገጠም ከወጣው ወጪ 30 በመቶ ነበር። ከገቢ ላይ የሚቀነስ አይደለም። ከምትከፍሉት ታክስ ላይ በቀጥታ ነው የሚነሳው፤ ትልቁ ጥቅሙም ይሄ ነው። ከ2023 ጀምሮ ሶላር ለሌለው ባትሪም ይሰጥ ነበር። የባትሪው አቅም ግን ቢያንስ 3 ኪሎዋት ሰዓት መሆን ነበረበት።

ሕጉ የሚጠይቀው ስንት ቤት አለህ ብሎ ሳይሆን ትኖርበታለህ ወይ ብሎ ነው። ዋናው መኖሪያ ያልፋል። በዓመት ውስጥ ለጥቂት ጊዜ የሚኖሩበት ሁለተኛ ቤትም ያልፋል። ባለቤቱ የማይኖርበት የኪራይ ቤት ግን አያልፍም። ለእሱ የንግድ ክሬዲት የሚባል ሌላ መንገድ አለ፤ ፎርሙም ደንቡም ለብቻ ነው። አዲስ አበባ ያሠራችሁት ቤትስ? እሱ ጭራሽ አይገባም። ቤቱ አሜሪካ ውስጥ መሆን አለበት።

መኖሪያ ቤቷ ውስጥ ዴይኬር የከፈተች ሴት ደግሞ ልብ ትበል። ለሥራ የሚውለው ድርሻ ከ20 በመቶ ካለፈ፣ ክሬዲቱ የሚታሰበው ለመኖሪያ በሚውለው ድርሻ ልክ ብቻ ነው።

ወደ ሰውዬው እንመለስ። መኖሪያ ቤቱ ላይ 15,000 ዶላር፣ ባሕር ዳርቻዋ ቤት ላይ 12,000 ዶላር አወጣ። ድምሩ 27,000፣ ክሬዲቱ 8,100 ዶላር ይሆናል። የዓመቱ ታክሱ 5,000 ዶላር ቢሆን፣ ታክሱ ዜሮ ይገባል። የቀረው 3,100 በቼክ ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ ብዙ ነው። አይመጣም። ወደሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል እንጂ።

አሁን መጥፎው ዜና። በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ይህን ክሬዲት በ2025 መጨረሻ ዘግቶታል። የሚቆጠረው ደግሞ ገንዘቡ የተከፈለበት ቀን ሳይሆን ገጠማው ያለቀበት ቀን ነው። በኖቬምበር ከፍሎ ሥራው ጃንዋሪ 2026 የተጠናቀቀለት ሰው አምልጦታል። ያሳዝናል፣ ግን ሕጉ እንደዚያ ነው።

በ2023 ወይም በ2024 አስገጥማችሁ ሳትጠይቁ ያለፋችሁ ግን ገና ተስፋ አላችሁ። ያስገባችሁትን ታክስ አስተካክሎ እንደገና ማስገባት ይቻላል፤ ጊዜው ባጠቃላይ ሦስት ዓመት ነው። የሻጩን ደረሰኝና ሥራው ያለቀበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት ለየቤቱ ለየብቻ አስቀምጡ። ከመብራት ኩባንያው ለባትሪው መግዣ የተሰጣችሁ ድጎማ ካለ፣ 30 በመቶው ከመሰላቱ በፊት ከወጪው ላይ ይቀነሳል።

አካውንታንት የቀየረ ሰው ደግሞ ያለፈውን ዓመት ፎርም 5695፣ ማለትም ክሬዲቱ የሚጠየቅበትን ፎርም፣ ይዞ ይሂድ። የተላለፈችው 3,100 ዶላር የተጻፈችው እዚያ ላይ ነው፤ ካላሳያችሁት አዲሱ ሰውዬ ከየት ያውቃል?