ከቆራሌው እስከ ለጋሹ፦ የሪሳይክል ድጋፍ ገንዘብ በኢትዮጵያ

የአዲስ አበባ ሪሳይክል የሚጀምረው በር ላይ ነው። «ቆራሌው!» የሚለው ጥሪ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ያጠረ ነው ይባላል። ልጁ ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይመጣል። አሮጌ ጫማ፣ የተሰነጠቀ ጀሪካን፣ ባዶ ሃይላንድ ይገዛል። ሃይላንድ ድሮ የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበር፤ ዛሬ የየትኛውም ውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሃይላንድ ነው። እናቴ ሳትከራከር ሸጣ አታውቅም።

«ለዚህ ሁሉ ጀሪካን ይሄን ብቻ?»

«እማማ፣ እኔም እኮ ሄጄ በኪሎ ነው የምሸጠው።»

ከዚያ ዕቃው መርካቶ ምናለሽ ተራ ይገባል። ቆርቆሮው ምድጃ ይሆናል፣ ጎማው በረባሶ። ለዚህ ሁሉ ፕሮፖዛል የጻፈ የለም።

ግራንት የሚባለው፣ ማለትም የማይመለስ ድጋፍ፣ የሚመጣው በሌላ መንገድ ነው። ለማኅበረሰብ ቡድኖች በጣም የሚቀርበው የዓለም አቀፉ የአካባቢ ፋሲሊቲ (ጂኢኤፍ) የአነስተኛ ድጋፎች ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ተጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም (ዩኤንዲፒ) በኩል ይሠራል። የአንድ ፕሮጀክት ጣሪያ ለብዙ ዓመታት 50,000 ዶላር ነበር። ገንዘቡ በቀጥታ ለአገር ውስጥ ድርጅቶችና ለማኅበረሰብ ማኅበራት ይሰጣል። ማን ያግኝ የሚለውን የሚወስነው በየአገሩ ያለ ኮሚቴ ሲሆን፣ አብዛኞቹ አባላት ከመንግሥት ውጭ መሆን አለባቸው። አመልካቹም የራሱን ድርሻ እንዲያዋጣ ይጠበቃል፤ ጉልበትም ቦታም ይቆጠርለታል። ሐሳቡን በአገር ቋንቋ፣ በቪዲዮ ጭምር ማቅረብ ይቻላል። ይህን የማያውቅ ስንት ማኅበር ፕሮፖዛል ጸሐፊ ሲፈልግ ይከርማል።

ገንዘቡ ከጸደቀም በኋላ አንዴ እጅ አይገባም። በክፍል በክፍል ይለቀቃል፣ ለቀጣዩ ክፍያ የቀደመው ሪፖርት ይጠየቃል። ስለዚህ ሕጋዊ ሰውነት፣ የባንክ ሒሳብና ደረሰኝ ያስፈልጋል። ቆራሌው ደግሞ ደረሰኝ አይቆርጥም። እሱ ከድጋፉ የሚቋደሰው፣ ማኅበር ውስጥ ከገባ ወይም አንድ ድርጅት ከመዘገበው ብቻ ነው። በድርጅቶቹ በኩልም ገደብ አለ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል።

ድጋፉ ብዙ ጊዜ የሚገዛው ማሽን ነው። ለጋሽም ማሽን ይወዳል፤ ፎቶ ላይ ያምራል። አንድ ማኅበር ግቢ ውስጥ በሸራ የተሸፈነ የፕላስቲክ መፍጫ አይቻለሁ። የለጋሹ ስቲከር ገና አልተላጠም። ችግሩ ማሽኑ ስሪ ፌዝ (ለፋብሪካ የሚገባ ከፍ ያለ ኃይል) መብራት ይፈልጋል፣ ግቢው ውስጥ ያለው ደግሞ የቤት መብራት ነው። አጠገቡ ሦስት ሴቶች በርጩማ ላይ ተቀምጠው የጠርሙስ ክዳን በእጃቸው ይፈቱ ነበር። ክዳኑና ጠርሙሱ የተለያየ ፕላስቲክ ስለሆነ አብሮ ከተፈጨ ዋጋው ይወርዳል። የዚያን ቀን ሥራው የሚሄደው በእነሱ ጣት ነበር።

ትልልቁ ገንዘብም ከዚህ አይነት ጣጣ አላመለጠም። በፈረንሳይ የልማት ኤጀንሲ ገንዘብ የተሠራው የሰንዳፋ ቆሻሻ ማስወገጃ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ፣ የአካባቢው ገበሬዎች ስለተቃወሙ በወራት ውስጥ ቆመ። ቆሻሻው ወደ ቆሼ፣ ወደ ከተማው ነባር የቆሻሻ መጣያ፣ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ ላይ እዚያው አጠገብ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ ተመረቀ።

የከተሞቻችን ቆሻሻ ግን ከግማሽ በላይ የሚበሰብስ ነው፦ የምግብ ትራፊ፣ የአትክልት ልጣጭ፣ ቅጠል። በእኔ እምነት ለጋሾች ከፕላስቲኩ ቀድሞ ማየት ያለባቸው ኮምፖስት፣ ማለትም ከሚበሰብሰው የሚሠራውን የተፈጥሮ ማዳበሪያ፣ ነው። ጂኢኤፍ በዩኤንዲፒ በኩል አዳማን፣ ባሕር ዳርን፣ ቢሾፍቱን፣ ድሬዳዋን፣ ሐዋሳንና መቀሌን ያቀፈ የኮምፖስት ፕሮጀክት ደግፏል። ኮምፖስት ስሪ ፌዝ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ቦታ፣ አካፋና የሚገዛ ገበሬ ነው።

ሌላው ነገር ከግራንቱ ውጭ ያለው ቋሚ ገንዘብ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የጽዳት ክፍያ ከውሃ ቢል ጋር ይሰበሰባል። ለዓመታት ተመኑ ለመኖሪያ ቤት የቢሉ 20 በመቶ፣ ለንግድ 42.5 በመቶ ነበር። ከቤት ቤት ቆሻሻ የሚሰበስቡት ማኅበራት የሚከፈላቸው ከዚህ ነው። ለረጅም ጊዜ ክፍያው የሚለካውም ገንዳው ጋ ባደረሱት የቆሻሻ ሜትር ኪዩብ ነበር። እንግዲህ አስቡት፦ ለጋሹ «ፕላስቲኩን ለዩ» ብሎ ሥልጠና ሲሰጥ፣ የማኅበሩ የወር ገቢ የሚመጣው ግን ገንዳው ሲሞላ ነበር። ገንዳ ደግሞ እንደ ባዶ ሃይላንድ የሚሞላ ነገር የለም።