ቶኑ የማን ነው? የኢትዮጵያ የካርበን ሽያጭ ፖሊሲ ከሐዋሳ ሲታይ

ካርበን ይሸጣል ሲባል ሐዋሳ ላይ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ምኑ ነው የሚሸጠው?" ብሎ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። በመኪና የሚጫን ነገር የለም። የሚሸጠው ወረቀት ነው። አንድ ቶን ካርበን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ሳይወጣ መቅረቱን ወይም ዛፍ ውስጥ ገብቶ መቀመጡን የሚመሰክር ወረቀት። ገዢው ብዙ ጊዜ የሀብታም አገር ድርጅት ወይም መንግሥት ነው፤ የራሱን ልቀት መቀነስ ሲወደድበት ሌላ ቦታ የተቀነሰውን ገዝቶ "አካክሻለሁ" ይላል። ሻጩ እንደኛ ያለ አገር ነው። የኛ ፖሊሲ ደግሞ አንድ ቀን ቁጭ ተብሎ የተጻፈ አይደለም፤ ከፕሮጀክቱም፣ ከአዋጁም፣ ከዓለም አቀፍ ስምምነቱም እየተለቃቀመ የመጣ ነው። ስለዚህ በሰነዱ ሳይሆን በመሬቱ መጀመር ይሻላል።

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ስትወርዱ ሁምቦ የሚባል ወረዳ አለ። ተራራው ለከሰልና ለማገዶ ተመንጥሮ አፈሩ እየታጠበ ነበር። በ2006 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የዚህ ዘርፍ ሰነድ ሁሉ በዚያ ስለሚቆጥር) ወርልድ ቪዥን የተባለው የእርዳታ ድርጅት ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር ሥራ ጀመረ። 2,728 ሄክታር ተከለለ። ዋናው ሥራ ችግኝ መትከል አልነበረም። መሬቱ ውስጥ ሥራቸው ያልሞተ ጉቶዎች ነበሩ። ከብት እንዳይገባ ተከለከለ፣ ከሚያቆጠቁጠው ቅርንጫፍ ጠንካራው ተመርጦ ሌላው ተገረዘ፣ ደኑም በራሱ ጊዜ ተነሳ። በታኅሣሥ 2009 ፕሮጀክቱ በኪዮቶ ስምምነት ሥር በነበረው የንጹህ ልማት አሠራር፣ ማለትም ከፓሪስ በፊት በነበረው ዓለም አቀፍ የካርበን መሸጫ ሥርዓት፣ ተመዘገበ። በአፍሪካ የመጀመሪያው ትልቅ የደን ፕሮጀክት ነበር። የዓለም ባንክ ባዮካርበን ፈንድ 165,000 ቶን ለመግዛት ተዋዋለ፤ ለማኅበረሰቡ ከ700,000 ዶላር በላይ ያስገኛል ተብሎ ነበር የተጠበቀው። አካፍሉት። ቶኑ ከ4 ዶላር ትንሽ ከፍ ቢል ነው።

በ2010 የገባው የመጀመሪያ ክፍያ ከ30,000 ዶላር ብዙም ያልራቀ ነበር። ለሰባት የገበሬ ማኅበራት ሲደርስ ትንሽ ነው፣ አዎ። ግን ገንዘቡ በየኪሱ አልተበተነም፤ በኅብረት ሥራ ማኅበራቱ በኩል እንደ እህል ማከማቻና ወፍጮ ወዳለ የጋራ ነገር ሄደ። ሣርና ማገዶ ደግሞ ከተከለለው ደን መልሶ መገኘት ጀመረ። እንደኔ እንደኔ ለገበሬው ከዶላሩ ይልቅ ይሄኛው ይበልጣል። ለፖሊሲው የተረፈው ትምህርት ግን ሌላ ነው። ማኅበራቱ በደኑ የመጠቀም መብታቸውን የሚያረጋግጥ የይዞታ ወረቀት በእጃቸው ገባ። ያ ባይሆን ኖሮ ባንኩ ከማን ጋር ይዋዋል ነበር?

ነገሩ ሁሉ የሚያጠነጥነው እዚህ ላይ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ገበሬው የመጠቀም መብት አለው፤ የተከለው ዛፍ የራሱ ነው። ዛፉ የዋጠው ካርበንስ? የ2007ቱ የደን አዋጅ የሚያውቀው የመንግሥት ደንና የግል ደን ብቻ ነበር። በ2018 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1065 የማኅበረሰብ ደንንና የማኅበር ደንን ጨመረ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ቀበሌው የሚጠብቀው ደን በሕግ ስም አገኘ፤ ስም ያለው ደግሞ መዋዋል ይችላል።

ከላይ ያለው መዋቅር እንዲህ ነው። በ2011 አገሪቱ ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ አወጣች። በነበረው መንገድ ከተሄደ በ2030 ልቀቱ 400 ሚሊዮን ቶን ስለሚደርስ፣ ኢኮኖሚው እያደገም ልቀቱ 150 ሚሊዮን ገደማ ላይ ይቁም የሚል ነው። በ2021 ለፓሪስ ስምምነት የቀረበው የተሻሻለ ዕቅድ ቅነሳውን 68.8 በመቶ አደረሰው። በራሳችን አቅም የምንቀንሰው 14 በመቶ ብቻ ነው። ቀሪው 54.8 የውጭ ገንዘብ ከመጣ ነው። ለዕቅዱ ያስፈልጋል የተባለው 316 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን ከዚያ 80 በመቶው ከውጭ ይጠበቃል። የካርበን ሽያጭ የሚታሰበው ይህን ክፍተት ከሚሞሉት አንዱ ሆኖ ነው። እንግዲህ በቶን 4 ወይም 10 ዶላር ስንት ሚሊዮን ቶን ቢሸጥ ነው የሚሞላው፣ ስሌቱን ለእናንተ ልተወው።

መሥሪያ ቤቶቹ ስማቸው ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። የአካባቢ፣ የደንና የአየር ንብረት ለውጥ ኮሚሽን የነበረው ከ2021 በኋላ ለሁለት ተከፍሎ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን እና የኢትዮጵያ ደን ልማት ሆኗል። ገንዘቡ የሚመጣበት በር ገንዘብ ሚኒስቴር ነው። ደንን ሳይቆረጥ በማቆየት ለሚገኘው ክፍያ፣ ሬድ ፕላስ ለሚባለው፣ አገሪቱ ስትራቴጂም አላት፤ "ከዚህ በታች የቀነስነው ተቆጥሮ ይከፈለን" የምትልበትንም መነሻ ልክ በ2016 ለተባበሩት መንግሥታት አስገብታለች። በዚያ ሰነድ ደን ማለት ቢያንስ ግማሽ ሄክታር፣ ቁመቱ 2 ሜትር፣ ጥላው ከመሬቱ 20 በመቶ የሚሸፍን ነው። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ማን እንደሚከፈለው ይወስናሉ።

አሁን ወደ ሐዋሳ። ጥቁር ውሃን ተሻግራችሁ ወደ ሻሸመኔ ስትሄዱ ኦሮሚያ ናችሁ። በ2023 መንግሥት ከዓለም ባንክ ጋር የ40 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርሟል፤ የኦሮሚያ ክልል እስከ 2030 ለሚቀንሰው 4 ሚሊዮን ቶን የሚከፈል፣ ማለትም በቶን 10 ዶላር። የክፍፍል ዕቅዱ ከተጣራው ክፍያ 75 በመቶ ለማኅበረሰቡ፣ 15 ለክልሉ፣ 5 ለፌዴራል፣ 5 ለግሉ ዘርፍ ይላል። ጥሩ ክፍፍል ነው፣ በወረቀት ደረጃ። ግን ውሉ የኦሮሚያ ነው። ወዲህ ማዶ ሲዳማ ላይ ያለ ገበሬ ያንኑ ዓይነት ዛፍ ያንኑ ያህል ቢጠብቅ በዚህ ውል አይቆጠርለትም። ወንዶ ገነት ላይ የክልል ወሰን አካባቢ ያለው ደን ሲታሰብ ነገሩ ትንሽ ያስቃል። የአገሪቱን ደን ባለሙያዎች ለአሥርት ዓመታት ያስተማረው፣ ዛሬ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ኮሌጅ ያለውም እዚያው ነው።

ሌላም ችግር አለ። ኦሮሚያ ውስጥ ባሌ ላይ ፋርም አፍሪካና ኤስ ኦ ኤስ ሳህል የተባሉ ድርጅቶች የጀመሩት የራሱ የካርበን ፕሮጀክት አለ። ክልሉ በሙሉ አንድ ላይ ሲቆጠር የባሌው ቶን ከየት ይገባል? ሁለቱም ጋ ከተመዘገበ አንድ በሬ ለሁለት ነጋዴ እንደመሸጥ ነው። ስለዚህ ትንሹ በትልቁ ውስጥ ተቀንሶ እንዲቆጠር ማስማማት ያስፈልጋል። ይህ የሒሳብ ሥራ አሰልቺ ነው፣ ግን ፖሊሲ የሚባለው በአብዛኛው እሱ ነው።

ሐዋሳ ውስጥ ደግሞ ብዙ ሰው የሚገምተው ነገር አለ፦ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ጣሪያው ላይ ሶላር ቢዘረጋ ካርበን ሸጦ ያተርፋል የሚል። ብዙም አያተርፍም። ምክንያቱ ደግሞ ደስ የሚል ነው። የአገሪቱ መብራት ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ስለሚመነጭ ሶላሩ የሚተካው ጭስ አልባ የሆነውን መብራት ነው። ያልነበረ ጭስ አይቀነስም፣ አይሸጥምም። የአዳማ ነፋስ ማመንጫዎችም ላይ ሒሳቡ ያው ነው። ነገሩ የሚለወጠው መብራቱ ናፍጣ ሲተካ ወይም ድንበር ተሻግሮ ሲሸጥ ነው።

ከተማው ላይ ያለው እውነተኛ ዕድል ወጥ ቤቱና ቆሻሻው ነው። እንጀራ ዛሬም በብዙ ቤት በእንጨት ይጋገራል፣ ቡናውና ወጡ በከሰል። ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን ወደ ግማሽ ሊያወርደው ይችላል፤ ላቀች የተባለችውም ለከሰል አለች። ስለዚህ የምድጃ ፕሮጀክት በየአገሩ ተወዳጅ ሆነ። ችግሩ ቆጠራው ላይ ነው። ምድጃ የተሰጣት እናት በእሱ ብቻ ትጋግራለች ተብሎ ይታሰባል፣ እሷ ግን እንግዳ ሲበዛ አሮጌውንም ታነዳለች። በ2024 የበርክሊ ተመራማሪዎች በተለያዩ አገሮች ያሉ የምድጃ ፕሮጀክቶችን መርምረው ክሬዲቱ፣ ማለትም የሚሸጠው የቶን ወረቀት፣ ከእውነተኛው ቅነሳ ከ9 እጥፍ በላይ ተጋኖ እንደተሰጠ አስልተዋል። ዓመት ቀደም ብሎም ጋዜጠኞች የሞቃት አገር ደን ክሬዲቶችን አብጠርጥረው ገበያውን አንቀጥቅጠውታል። ዋጋው የወረደው በእኛ ገበሬ ጥፋት አይደለም፤ የሚጎዳው ግን እሱም ጭምር ነው።

ቆሻሻው ላይ፣ ሐዋሳ ከአዳማ፣ ከቢሾፍቱ፣ ከባሕር ዳር፣ ከድሬዳዋና ከመቀሌ ጋር የኮምፖስት ፕሮጀክት ከተሞከረባቸው ስድስት ከተሞች አንዷ ነበረች። ቅጠላ ቅጠልና ትርፍራፊ ታፍኖ ሲበሰብስ ሚቴን ይወጣል፤ ሚቴን ደግሞ በመቶ ዓመት ሲታሰብ ከካርበን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። ኮምፖስት ሲሆን ይህ ጋዝ በአብዛኛው አይፈጠርም፣ ማዳበሪያው ደግሞ ይተርፋል። ለገበያው የሚመች፣ ለመለካትም የማያስቸግር ሥራ ነው። የጎደለው ከቤት ጀምሮ መለየት ነው። ፌስታልና የሙዝ ልጣጭ አንድ ጆንያ ውስጥ እየከተትን ኮምፖስት አይታሰብም።

አንድ የሚያናድድ ነገርም አለ። የሲዳማና የጌዴኦ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ቡናውንና እንሰቱን በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ያበቅላል። የጌዴኦው መልክዓ ምድር በ2023 በዩኔስኮ የተመዘገበው በዚሁ ነው። ገበያው ግን የሚከፍለው ለለውጥ ነው፤ "ገንዘቡ ባይመጣ አይሠራም ነበር" ተብሎ መረጋገጥ አለበት። ሁልጊዜም ሲጠብቅ ለኖረው "አንተማ ያለ ገንዘብም ትጠብቃለህ" ይባላል። የመነጠረ ሲያቆም ይከፈለዋል፣ ጨርሶ ያልመነጠረ ግን ባዶ እጁን ይቀራል። ተጨማሪነት የሚባለው መስፈርት ለሒሳቡ ያስፈልጋል፣ ይገባኛል፤ ፍትሕ ነው ማለት ግን ይከብደኛል።

አሁን ጨዋታው አገሮች የልቀት ቅነሳ የሚሻሻጡበትን በሚደነግገው በፓሪስ ስምምነት አንቀጽ 6 ነው። ደንቦቹ በ2021 ግላስጎው ላይ ተጀምረው በ2024 ባኩ ላይ ተጠናቀዋል። ከጃፓን ጋርማ ኢትዮጵያ በ2013 የጋራ የክሬዲት ስምምነት ፈርማለች። ዋናው ለውጥ ይህ ነው፦ መንግሥት ፈቅዶ ቶኑ ለሌላ አገር ከተሸጠ ከራሳችን ዕቅድ ላይ ይቀነሳል። የገዛው አገር ይቆጥረዋል፣ እኛ አንቆጥረውም። ርካሹንና ቀላሉን ቅነሳ ሁሉ ዛሬ በ10 ዶላር ሸጠን ከጨረስን ለራሳችን 68.8 በመቶ የሚተርፈው ውዱ ነው። ስለዚህ መንግሥት የቱን ቶን እንደሚፈቅድ፣ የቱን እንደሚይዝ በግልጽ ማወቅ አለበት። ችግኝ መቁጠርም አያዋጣም። ከ2019 ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ የሚተከለው ለገበያ ቶን የሚሆነው ጸድቆ፣ አድጎ፣ ተለክቶ፣ በገለልተኛ አካል ሲረጋገጥ ነው።

ቀበሌያችሁ ድረስ "ካርበን እንገዛለን" የሚል ሰው ቢመጣ ከዋጋው በፊት የሚጠየቅ ነገር አለ። ከፌዴራሉ መሥሪያ ቤት የተሰጠ ደብዳቤ ይዟል? የመለካቱንና የማረጋገጡን ወጪ የሚሸፍነው ማን ነው፣ ከእኛ ድርሻ ላይ ይቆረጣል? ደኑ ቢቃጠል ዕዳው የማን ነው? ማኅበሩ የይዞታ ወረቀት አለው? ስንት ዓመት ነው የምንታሰረው? የሁምቦው ቆጠራ ለ30 ዓመት የታሰበ ነው። ዛሬ እጁን አውጥቶ የሚስማማው አባት ቢሆንም ግማሹን ዘመን ከብቱን ከደኑ የሚያስወጣው ልጁ ስለሆነ፣ በስብሰባው ላይ ወጣቶቹም ይኑሩ።