ድድ ሲሸሽና ድድ ሲበዛ፦ ስለ ድድ ቀዶ ሕክምና አጠቃላይ ዳሰሳ

የድድ ቀዶ ሕክምና ሁለት ተቃራኒ ችግሮችን ይይዛል። አንዱ ድድ ከቦታው ሸሽቶ የጥርስ ሥር ሲገለጥ ነው። ሌላው ድድ ከልክ በላይ አድጎ ጥርሱን ሲውጠው ነው። ለመጀመሪያው ድድ ይጨመራል፣ ለሁለተኛው ይቀነሳል። ሲወራ እንዲህ ቀላል ነው። በአማርኛ የሚገኘው ጽሑፍ ግን ባብዛኛው "ድድዎ ከደማ በጨው ውሃ ይጉመጥመጡ" ከሚለው ምክር አያልፍም። እዚህ የተሰባሰበው ከመማሪያ መጻሕፍትና ከሕክምና ወንበሩ ዳር ከሚታየው ነው።

ድድ ምን ላይ ቆሟል?

ድድ በራሱ የቆመ ነገር አይደለም፤ ከሥሩ አጥንት አለ። አጥንቱ ከወረደ ድዱም ውሎ አድሮ ተከትሎት ይወርዳል። በጤናማ አፍ ከአጥንቱ ጫፍ በላይ ድዱ ከጥርሱ ጋር የሚጣበቅበት ስስ መቀነት አለ። እ.ኤ.አ. በ1961 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጋርጁሎ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ይህን መቀነት ለክተው በአማካይ 2.04 ሚሊሜትር ሆኖ አገኙት። ትንሽ ቁጥር ነው። የድድ ሐኪም ግን ዕድሜውን ሙሉ የሚደራደረው ከዚህች 2 ሚሊሜትር ጋር ነው። ድድ ሲቆረጥ ወይም ክራውን (ጥርስ ላይ የሚጠለቅ ሰው ሠራሽ ሽፋን) ሲገጠም መቀነቷ ከተነካች ሰውነት ዝም አይልም። ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ አንዳንዴም አጥንቱ ራሱ ይሸሻል።

ድድ ለምን ይሸሻል?

ታካሚ ሲመጣ "ድዴ ሸሸ" አይልም። "ጥርሴ ረዘመ" ወይም "ቀዝቃዛ ውሃ ይነዝረኛል" ነው የሚለው። ረዘመ የተባለው ጥርስ ብዙውን ጊዜ አልረዘመም፤ ሥሩ ነው የታየው። ሥሩ እንደ ላይኛው የጥርስ ክፍል ኢናሜል በሚባለው ጠንካራ ሽፋን አልተሸፈነም። የሚነዝረውም ለዚህ ነው።

በዚህ ጉዳይ ብዙ መረጃ የተውልን ኖርዌጂያዊው የድድ ተመራማሪ ሃራልድ ሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በዴንማርኳ ኦርሁስ ከተማ ድዳቸው ጤናማ የሆነ 12 ሰዎችን ጥርስ መቦረሽ አስቆማቸው። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ የሁሉም ድድ ተቆጣ። መቦረሽ ሲጀምሩ ተመልሶ ዳነ። ድድን የሚያስቆጣው ጥርስ ላይ የሚጋገረው የባክቴሪያ ቆሻሻ መሆኑ ያኔ ማከራከር አቆመ።

ሎ በዚህ አላበቃም። ሁለት ቡድኖችን ለብዙ ዓመታት ተከታተለ። አንደኛው ቡድን ከልጅነታቸው ጀምሮ የጥርስ ሐኪም የሚያያቸው የተማሩ ኖርዌጂያውያን ነበሩ፤ ክትትሉ በ1969 ተጀመረ። ሁለተኛው ቡድን የስሪላንካ የሻይ እርሻ ሠራተኞች ነበሩ። ክትትላቸው በ1970 ሲጀመር የጥርስ ሕክምና የሚባል ነገር አያገኙም፣ በጥርስ ብሩሽም አይጠቀሙም። ስለ ድድ መሸሽ የተገኘው ውጤት በ1992 ታተመ። ከ20 ዓመት ወጣት ኖርዌጂያውያን መካከል ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ቦታ ድዳቸው ሸሽቷል። ወደ 50 ዓመት ሲጠጉ ከ90 በመቶ በላይ ሆኑ። ስሪላንካውያኑ 90 በመቶ የደረሱት ገና በ30 ዓመታቸው ነው፤ በ40 ሁሉም ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ትኩረት የሚስበው የሸሸበት ቦታ ነው። የኖርዌጂያውያኑ ባብዛኛው በጉንጭ በኩል፣ ብሩሽ በሚያርፍበት ነው። የስሪላንካውያኑ በጥርሱ ዙሪያ ሁሉ ነው። አንዱ ሲያጸዳ ጎድቶት፣ ሌላው ሳያጸዳ ቀርቶ፣ ሁለቱም ድዳቸው ሸሸ።

የቀሩት ምክንያቶች በአጭሩ እነዚህ ናቸው። በተፈጥሮው የሳሳ ድድ፣ ከሰልፍ ወደ ውጭ የወጣ ጥርስ፣ ጥርስን ከአጥንቱ ወሰን ውጭ የገፋ ብሬስ፣ ሲጋራ። ጫትን በተመለከተ ጥናቶቹ አንድ ቋንቋ አይናገሩም። በአንድ ጉንጭ ለሰዓታት ተወትፎ የሚውል ቅጠል ለድድ ይበጃል የሚል ግን የለም።

መፋቂያስ?

መፋቂያን ባለማወቅ የሚወቅሱ አሉ። የወይራ ወይም የክትክታ መፋቂያ በደንብ ታኝኮ ጫፉ እንደ ብሩሽ ሲፈታ ቆሻሻውን ያነሳል። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ቧንቧም አይፈልግም። አያቶቻችን ከጥርሳቸው ጋር ያረጁት ያለ ነገር አይደለም። ችግሩ ያልተፈታ ደረቅ እንጨት ወደ ጎን እንደ መጋዝ ሲፈገፍጉበት ነው። ያኔ ድዱን ይልጠዋል፤ ብዙውን ጊዜም ፈገግ ሲሉ የሚታዩትን የፊት ጥርሶች ድድ። ይህ ጥፋት ግን የመፋቂያው ብቻ አይደለም። ማሸጊያው ላይ "ሃርድ" የሚል የተጻፈበት ብሩሽም ያንኑ ያደርጋል። ከላይ ወደ ታች፣ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ፣ ሳይጫኑ፤ ለሁለቱም ምክሩ አንድ ነው።

የሸሸን መመለስ

የተቆጣ ድድ ሲታከም እብጠቱ ይጠፋል፣ መድማቱ ይቆማል። የሸሸ ድድ ግን እንደ ጥፍር ተመልሶ አያድግም። "ድድ የሚያበቅል" ተብሎ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሸጠው ዘይትና ዱቄት ሁሉ ከንቱ ነው። ድድ እንዲመለስ ከተፈለገ ከሆነ ቦታ መምጣት አለበት። ወይ ከጎን ይጎተታል፣ ወይ ከሌላ ቦታ ተቆርጦ ይተከላል።

ከሁሉ በፊት ታርታሩ (ጥርስ ላይ ተጋግሮ የደረቀው ቆሻሻ) ይጠረጋል፣ የአቦራረሽ ልማድ ይስተካከላል። ሁለቱ ሳይደረጉ የተተከለ ድድ ተመልሶ ይሸሻል። ሥሩ የተገለጠ ሁሉም ጥርስ ደግሞ ቀዶ ሕክምና አይፈልግም። ካልነዘረ፣ ካልባሰና መልኩ ባለቤቱን ካላሳሰበው መከታተል ይበቃል።

ቀጥሎ ጥያቄው "ምን ያህል ይመለሳል?" ነው። ሚለር የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ባለ አራት ደረጃ ምድብ እስከ ዛሬ በየክሊኒኩ ይጠራል። ፍሬ ነገሩ በጥርሶች መካከል ያለው አጥንት ነው። እሱ ካልተነካ ሥሩን ሙሉ በሙሉ መሸፈን ይቻላል። በከፊል ከወረደ ሽፋኑም በከፊል ነው። በጣም ከወረደ አይሸፈንም። በ2011 ካይሮ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም ምድቡን ወደ ሦስት ዝቅ አድርጎ አሻሻለው። አሁን የሚመከረው የእሱ ነው።

የዘዴዎቹ ታሪክ ከ1956 ይነሳል። ግሩፕና ዋረን ከጎረቤት ጥርስ ድድ ላይ ክዳን ከፍተው ወደ ተገለጠው ሥር አንሸራተቱት። በ1963 ስዊድናዊው ቢዮርን ከአፍ ውስጥ ቆርጦ ሌላ ቦታ መትከልን አስተዋወቀ። ይህ ዘዴ ድዱን ያወፍራል፣ መልኩ ግን አያምርም። የተተከለው ነጣ ብሎ ጎልቶ ይታያል፤ ጎሚስታ የለጠፈው ጥጋኝ ነው የሚመስለው። በ1985 ላንገርና ላንገር ሌላ መንገድ አመጡ። የላይኛውን ቆዳ ትተው ከሥሩ ያለውን ሥጋ ብቻ አውጥተው ከድዱ ክዳን ስር አስገቡት። ቀለሙ ተመሳሰለ። ዛሬም ሌላው ዘዴ ሁሉ የሚለካው ከዚህ ጋር ተወዳድሮ ነው። በ2000 ጣሊያናውያኑ ዙኬሊና ዴ ሳንክቲስ ጎን ለጎን ያሉ ብዙ ጥርሶችን ቀጥ ያለ ቅድ ሳያስፈልግ ባንዴ መሸፈኛ መንገድ አሳዩ።

ከቅርብ ሲታይ ሥራው ይህን ይመስላል። ሐኪሙ የሸሸበትን ቦታም ትናጋውንም ያደነዝዛል። የትናጋው መርፌ ያማል፤ ቆዳው ከአጥንት ጋር የተጣበቀ ስለሆነ መድኃኒቱ መግቢያ ያጣል። ከዚያ ከትናጋው ጎን፣ ከመንጋጋ ጥርሶቹ አጠገብ፣ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊሜትር የሚወፍር ስስ ሥጋ ይወሰዳል። ትንሽ የሽንኩርት ቅርፊት ታክላለች፣ ነጣ ያለች፣ የምታዳልጥ። በጨው ውሃ በራሰ ጎዝ ላይ ትጠብቃለች። የሥሩ ገጽ ይፋቃል፣ ሥጋዋ ትቀመጣለች፣ ከፀጉር በቀጠነ ክር ትሰፋለች። ቀጥሎ ሐኪሙ በጣቱ ለደቂቃዎች ተጭኖ ዝም ይላል። አዲስ የሚያይ ሰው ሥራው የተቋረጠ ይመስለዋል። ግን ከስር ደም ከቋጠረ ሥጋዋ አትያዝም። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት የራሷ ደም ሥር የላትም፤ ከሥሯ በሚያልፈው ፈሳሽ ብቻ ነው የምትኖረው። ታካሚው ከንፈሩን ገልጦ በመስታወት ማየት የሚከለከለውም ለዚህ ነው። ማየት አይቀርም፣ ስፌት የሚበጠሰውም ያኔ ነው።

ክሩ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል። እስከዚያ ቦታው አይቦረሽም፣ ክሎርሄክሲዲን በተባለ ባክቴሪያ ገዳይ ፈሳሽ ብቻ ይጉመጠመጣል። የሚገርመው፣ ከተተከለበት ይልቅ የሚያመው የተቆረጠበት ትናጋ ነው። ትኩስ ቡና፣ ሚጥሚጣና ቆሎ ለጊዜው ይቀራሉ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ውጤቱ ከማያጨሰው ያነሰ መሆኑ በደንብ የታወቀ ነው።

ትናጋን መቁረጥ ላለመፈለግ የተሠሩ ምትኮች አሉ። ከለጋሽ ሰው ቆዳ የተዘጋጀ አለ። ከአሳማ ኮላጅን የተሠራ አለ። በስዊድን የተፈጠረው፣ በመርፌ የሚቀባው ኤምዶጌን የተባለ ጄል የሚወጣው በማደግ ላይ ካሉ የአሳማ ጥርሶች ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ በማይበላበት አገር ይህ ተራ ዝርዝር አይደለም። ሐኪም ሳይጠየቅ ቀድሞ ሊናገር ይገባል። የራስ ትናጋ ይህ ጥያቄ የለበትም።

ካሊፎርኒያዊው ጆን ቻኦ በ2012 ያሳተመው የመርፌ ቀዳዳ ዘዴ ደግሞ ብዙ ማስታወቂያ አለው። በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ ድዱን ከውስጥ አላቆ ወደ ታች መሳብ ነው። ፈጣን ነው፣ ትናጋም አይቆረጥም። በረጅም ጊዜ ከነባሩ ይበልጣል ወይ ለሚለው ግን ማስረጃው ከማስታወቂያው ያንሳል።

ድድ ሲበዛ

 ዘመናዊው ድድ የመቁረጥ ሥራ ብዙ ጊዜ ከ1884ቱ ሐኪም ሮቢቼክ ይቆጠራል።

ድድ የሚበዛው በቆሻሻ፣ በእርግዝና፣ በዘር ወይም በመድኃኒት ነው። የመድኃኒቱ በደንብ የተጠና ነው። ፌኒቶይን ለሚጥል በሽታ በ1938 ጥቅም ላይ ዋለ፤ በዓመቱ የድድ ማደግ ሪፖርት ተደረገ። ከሚወስዱት ግማሽ ያህሉ ላይ ይታያል ይባላል። ለደም ግፊት የሚሰጠው ኒፌዲፒን፣ ለተተከለ ኩላሊት የሚሰጠው ሳይክሎስፖሪንም እንዲሁ ያደርጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገራችን ከተጀመረ ወዲህ ይህ የእኛም ጉዳይ ሆኗል። ያው ለተመሳሳይ ዓላማ የሚሰጠው ታክሮሊመስ በድድ ላይ ችግሩ በጣም ያነሰ ነው። መድኃኒቱን የሚቀይረው ግን ያዘዘው ሐኪም ነው። ለድድ ብሎ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን በራሱ ያቆመ ሰው መንገድ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ቀዶ ሕክምናው አጭር ነው። ትርፉ በምላጭ፣ በኤሌክትሪክ ወይም በሌዘር ይቆረጣል። ሌዘር ብዙም አያደማም፤ የተቃጠለ ሥጋ ሽታው ግን ደስ አይልም። በድሮው ዘዴ ቁስሉ የቅርንፉድ ዘይት ባለበት ሊጥ ይሸፈን ነበር። ክሊኒኩ ሁሉ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል።

ስንስቅ ድዱ የሚታይ ሰው "ድዳም" እየተባለ ያድጋል። ሰፈር ውስጥ ሥራ ፈትተን የምንቀመጥበትን እንኳ "ድድ ማስጫ" ብለን የምንጠራ ሰዎች ነን፤ የሚሰጣ ድድ ያለው ግን እጁን አፉ ላይ ይጭናል። ሕክምናው እንደ ምክንያቱ ይለያል። ጥርሱ በድድ ከተሸፈነ ድዱ ይቀነሳል። አጥንቱም አብሮ ካልተስተካከለ ግን ያቺ የ2 ሚሊሜትር መቀነት ቦታዋን ትጠይቃለች፣ ድዱም በወራት ውስጥ ይመለሳል። በ15 ደቂቃ ሌዘር "ፈገግታ እናስተካክላለን" የሚሉ ይህን ሁልጊዜ አይናገሩም። ከንፈር ከልክ በላይ የሚሰበሰብ ከሆነ ቦቶክስ (ጡንቻ የሚያላላ መርፌ) ለጥቂት ወራት ያግዛል። የላይኛው መንጋጋ አጥንት ረጅም ከሆነ ነገሩ ከድድ ሐኪም እጅ ይወጣል።

የሕፃናት "ግግ" ከዚህ ጋር መምታታት የለበትም። በድዱ ላይ የሚታየው ነጣ ያለ እብጠት ሊወጣ ያለ ጥርስ ነው። በተቅማጥና በትኩሳት ሰበብ እሱን ማስወጣት ሕፃኑን ለኢንፌክሽንና ለደም መፍሰስ ያጋልጣል።

የተነቀሰ ድድ

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል፣ በጎንደር፣ በጎጃም፣ በወሎ፣ በትግራይ፣ ሴቶች ድዳቸውን ይነቀሱ ነበር። ጥላሸት በእሾህ ወይም በመርፌ ጫፍ ድዱ ውስጥ ይገባል፤ ቀለሙ ሰማያዊ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ጥርሱ በረዶ ይመስላል። ድድ ያጠነክራል የሚሉም ነበሩ፤ ይህን የሚደግፍ ነገር የለም። ውበቱ ግን ውበት ነው።

ዛሬ ልጅ ልጆቻቸው ይህን ለማስነሳት ይመጣሉ። በተፈጥሮ የጠቆረ ድድ፣ በሽታም ያልሆነው፣ ቀለሙ ላይኛው ሽፋን ውስጥ ስለሆነ በመፋቅ ወይም በሌዘር ይነሳል፤ ቆይቶ ግን ሊመለስ ይችላል። ንቅሳት ጠለቅ ያለ ነው። ጥላሸቱ ከሽፋኑ በታች ካለው ሥጋ ገብቷል። ሙሉ በሙሉ ለማንሳት ድዱን እስከዚያ ድረስ መቁረጥ፣ አንዳንዴም ከትናጋ ወስዶ መትከል ያስፈልጋል። ሐኪሙ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። የተቆጣ ድድ የሚታወቀው በመቅላቱ ነው፤ በንቅሳት ስር መቅላት አይታይም። ስለዚህ በእናቶች አፍ ውስጥ ዓይንን አያምንም፤ መለኪያውን ድዱ ስር እያስገባ፣ ሲያወጣው ደም አለበት የለበትም ብሎ ያያል።